ቁልፍ መክፈትን ማወቅ ነውር ነውን?

የሰው ልጅ ለንብረቱ መዝጊያ፣ ለመዝጊያውም ቁልፍ ካበጀበት ጊዜ ጀምሮ፣ ቁልፍን ያለ መክፈቻው ለመክፈት የሚሞክር ሰው አልጠፋም። ከእነዚህም አንዱ ሌባ ነው። ሁለተኛው ግን ምንም ለመውሰድ ሳያስብ፣ የብረቱን ጠባይ መርምሮ ለመረዳት ብቻ የሚደክም ነው። የሁለቱ መሣሪያ አንድ ዐይነት ስለ ሆነ ሕዝብ ሁለቱንም በአንድ ዐይን ያያቸዋል። ይህ ፍርድ ትክክል ነውን? ብለን እንጠይቃለን።

ይህን እንድናስብ ያደረገን በመርሐቤቴ፣ በዓለም ከተማ ያየነው ነገር ነው። በገበያ ቀን የአንድ ነጋዴ የሱቁ ጓጉንቸር መክፈቻ ጠፋበት። ከጀማ ሸለቆ ሽቅብ የወጣው ገበያተኛ በደጁ ቆሞ ሳለ፣ በትርፍ ጊዜው አሮጌ ቁልፎችን እየፈታ የሚገጥም አንድ ወጣት መጣና በሁለት ቀጭን ሽቦ ከፈተለት። ነጋዴውም «ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ መረቀው። በማግሥቱ ግን ሁለተኛ ጓጉንቸር ገዝቶ ጨመረ፤ ወጣቱ በደጁ ሲያልፍም በዐይኑ ይከተለው ጀመር። «ሌባ እናት ልጇን አታምንም» ይባላል፤ ይህ ነጋዴ ግን ሌባ አልነበረም፤ ፈርቶ ነው እንጂ።

ወጣቱ ያደረገው ጥንቆላ አይደለም። አሜሪካዊው ሊነስ ዬል በ1860ዎቹ ዓመታት (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ባሻሻለው ዐይነት ቁልፍ ውስጥ፣ ጥንድ ጥንድ የሆኑ ትናንሽ የብረት ዘንጎች በሞላ ተገፍተው የሚዞረውን ሲሊንደር ይይዙታል። ትክክለኛው መክፈቻ ሲገባ የጥንዶቹ መጋጠሚያ ሁሉ በአንድ መስመር ይውላል፤ ሲሊንደሩም ይዞራል። ነገር ግን የሰው ሥራ ጥቂት ጉድለት አያጣውምና፣ ሲሊንደሩን በቀስታ ቢያጠማዝዙት ዘንጎቹ በአንድነት አይያዙም፤ አንዱ ቀድሞ ይያዛል። እርሱን ወደ መስመሩ ሲያነሡት ተራው ለሌላው ይደርሳል። እንዲህ እያለ ሁሉም ይፈታል። ይህንንም የሚያውቀው ጣት ነው እንጂ ዐይን አይደለም።

የቅኔ ተማሪ ከሰሙ በታች ያለውን ወርቅ ሲያገኝ የሚሰማው ደስታ ከዚህ የራቀ አይመስለንም፤ ቋንቋችንም ቅኔን «መፍታት» ይላልና። ይሁን እንጂ ቅኔ የተሰወረው እንዲፈታ ነው፤ ቁልፍ የተዘጋው ግን እንዳይከፈት ነው። የነገሩ ክብደት እዚህ ላይ ነው።

በለንደን የብራማ ቁልፍ ሠሪዎች፣ ቁልፋቸውን ለሚከፍት 200 ጊኒ እንደሚሸልሙ በመስኮታቸው አስታውቀው ከ60 ዓመት በላይ ኖሩ። በ1851 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) አልፍሬድ ሆብስ የተባለ አሜሪካዊ ከ50 ሰዓት በላይ ደክሞ ከፈተው። ብዙዎች «ይህ ለሌባ ትምህርት መስጠት ነው» ብለው ተቈጡ። የሆብስ ወገን ግን፣ ሌባ የቁልፍን ድካም አስቀድሞ ያውቀዋል፤ የማያውቀው ባለቤቱ ነው ሲል ተከራከረ።

ይህ ክርክር ለለንደን ባለጸጋ ይበቃል፤ ለዓለም ከተማ ነጋዴ ግን በሙሉ አይበቃም። ባለጸጋው ቁልፉ ደካማ መሆኑን ቢሰማ የተሻለ ይገዛል። ድኻው ግን መግዣ ስለሌለው ከወሬው የሚያተርፈው እንቅልፍ ማጣትን ብቻ ነው። ስለዚህ እውነቱ ለባለቤቱ በጆሮው ይነገር እንጂ በገበያ አይለፈፍ።

እንግዲህ እኛ እንዲህ እንላለን። ማወቅ ነውር አይደለም፤ መድኃኒትን የሚያውቅ ሐኪም መርዙንም ያውቃልና። ነገር ግን በዐዋቂ ላይ ካላዋቂ የከበደ አደራ አለበት። የራሱን ወይም ባለቤቱ የፈቀደለትን ብቻ ይክፈት፤ ሰው ንብረቱን አምኖ በዘጋው በር ላይ እጁን አያፍታታ።

ባለንብረትም ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። አብዛኛው በር ሌሊቱን ሳይነካ የሚያድረው ጓጉንቸሩ ስለ በረታ ሳይሆን ጎረቤቱ ስለ ታመነ ነው። ያም ነጋዴ ሁለተኛ ጓጉንቸር ከመጨመሩ በፊት ወጣቱን ጠርቶ «ልጄ፣ የትኛው ይሻለኛል?» ብሎ ቢጠይቀው ኖሮ፣ የተሻለ ቁልፍም የታመነ ጎረቤትም ባገኘ ነበር።