ለጠላት የተሰጠ ቃል

ሰው ለወዳጁ የገባውን ቃል ቢጠብቅ የሚያስደንቅ ነገር የለበትም። ለጠላቱ የገባውንስ ሊጠብቅ ይገባዋልን? ይልቁንም ቃሉን ማፍረስ ለእግዚአብሔር መቅናት መስሎ በታየው ጊዜ ምን ያድርግ? ይህ ጥያቄ በሰሜን እንግሊዝ የምትገኘውን የዮርክን ከተማ በጎበኘሁ ጊዜ በልቡናዬ ሲመላለስ ዋለ።

ዮርክ በድንጋይ ቅጥር የታጠረች ጥንታዊት ከተማ ናት። ከቅጥሩ ከሦስት ኪሎ ሜትር የሚበልጠው ዛሬም ቆሞ ስላለ፥ እኔም በላዩ በምርኩዝ እየተደገፍሁ ከፊሉን ዞርሁት። በ1644 ዓ.ም. (ዘመኑን የምቈጥረው እንደ አውሮፓ ነው) ንጉሡ ቀዳማዊ ቻርልስና ፓርላማው ጦር ተማዝዘው ሳሉ፥ ከተማዪቱ በንጉሡ ወገኖች እጅ ነበረች። የፓርላማውና የስኮትላንድ ጦርም ከአፕሪል ወር ጀምሮ ከበባት። ጁን 16 ቀን የቅድስት ማርያም ግንብ የሚባለውን ከሥሩ ቈፍረው በባሩድ ናዱት፤ በውስጡ ከተከማቹት የገዳማት መዛግብት ብዙዎቹ በዚያ ጠፉ። ብራና ሲዳምጥና ሲጽፍ ላደገ ሰው ይህ ቀላል ኀዘን አይደለም። ጁላይ 2 ቀን በማርስተን ሙር ሜዳ ከንጉሡ ወገን 4,000 ያህል ሰው ወደቀ፤ ከተማዪቱም ጁላይ 16 ቀን እጅዋን ሰጠች።

በውሉ ውስጥ አብያተ ክርስቲያናቱ እንዳይበላሹ የሚል ቃል ነበረበት። ድል አድራጊዎቹ ግን ብዙዎቹ ቅዱሳት ሥዕላትን እንደ ጣዖት የሚቈጥሩ ነበሩ፤ ባለፈው ዓመት በፒተርቦሮ ካቴድራል መስኮቱንና ምስሉን ሰባብረዋል። በዮርክ ግን ከዚያው አውራጃ የተወለዱት ጌታ ፌርፋክስና ልጃቸው ቶማስ ካቴድራሉን አስጠበቁት። ጆን ቶርንተን የሚባል ባለሙያ ከ1405 እስከ 1408 የሠራው፥ ከሥነ ፍጥረት እስከ ዮሐንስ ራእይ በመስተዋት የተሣለበት ታላቁ የምሥራቅ መስኮት እስከ ዛሬ አለ። ከሥሩ ቆሜ አንገቴ እስኪደክም አየሁት።

የትውልድ አገራቸው ፍቅር ነው እንጂ ውሉ አይደለም የሚል ይኖራል። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ስለ ሥዕል የተሳሳተው ወታደር ስለ ቃል ኪዳን አልተሳሳተም። ኢያሱ የገባዖን ሰዎች አታልለውት እንኳ መሐላውን አላፈረሰም፤ ሳኦል ግን ለእስራኤል ቀንቶ ቢያፈርሰው በምድሪቱ ላይ ሦስት ዓመት ራብ ሆነ። ቅንዓቱ መሐላውን አልፈታለትም።

ከካቴድራሉ ወጥቼ ወደ ክሊፎርድ ግንብ ሄድሁ። የዛሬው ግንብ የድንጋይ ነው፤ አስቀድሞ በዚያ ጉብታ ላይ የእንጨት ግንብ ነበረ። በማርች ወር 1190 ዓ.ም. የከተማዪቱ አይሁድ 150 ያህል ሆነው ከሕዝቡ ቍጣ ሸሽተው በቤተ መንግሥቱ ምሽግ ተጠለሉ። ብዙዎቹ በጠላት እጅ ከመውደቅ ሞትን መርጠው በገዛ እጃቸው አለቁ። ለቀሩት ግን፦ ብትጠመቁ ትድናላችሁ፥ ተባለላቸው። አምነው በወጡ ጊዜ ተገደሉ። ይህን ያደረጉት ክርስቲያኖች ናቸው፤ ማታለያ ያደረጉትም ጥምቀትን ነው። ሌሎች ናቸው ብዬ ልለፈው አልቻልሁም።

ምክንያቱም በወጣትነቴ፥ ደም የተፈላለጉ ሁለት ወገኖች ሲታረቁ መስቀል ይዤ በመካከላቸው የቆምሁበት ቀን ትዝ አለኝ። ሸፍቶ የነበረው ሰው በመስቀሉ አምኖ ከተራራው ወረደ። ወዲያው ያዙት። እጁን ወደ ኋላ ሲያስሩት አሳሪዎቹን አልተመለከተም፤ የተመለከተው በእጄ ያለውን መስቀል ነበር።