ስለ መያዝና ስለ መልቀቅ

አንድ ኃይል፣ ምንጩ አንድ፣ ባሕርዩም አንድ ሆኖ ሳለ፣ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ሁለት ግብሮችን ሊፈጽም ይችላልን? ቢችልስ፣ የግብሮቹ መለያየት የሚመጣው ከኃይሉ ከራሱ ነውን፣ ወይስ ኃይሉን ተቀብሎ ወደዚህ ወይም ወደዚያ ከሚመራ ከሌላ ነገር? ይህ ጥያቄ የነፍስን ነገር የመረመሩ ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ሲያመላልሱት የኖረ ነው፤ እኔ ግን ዛሬ ልመረምረው የምወደው በልብስ ማጠቢያ ማሽን ሆድ ውስጥ ገብቼ ነው። አንባቢ በዚህ እንዳይሥቅብኝ እለምናለሁ፤ አበው የመለኮትንና የትስብእትን ተዋሕዶ የሚያህል ታላቅ ምሥጢር በእሳት በጋለ ብረት መስለው ካስተማሩ፣ የሰውን ፈቃድ በብረት ዕቃ አስመስሎ መመልከት ድፍረት ሊባል አይገባውምና።

ክዳኑ ከላይ የሚከፈተው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ልብሱን የሚያሽከረክርበት ሞተር አንድ ብቻ ነው፤ ይህም አንድ ሞተር በየጊዜው ሁለት ልዩ ልዩ ሥራ ይጠበቅበታል። በማጠቢያው ጊዜ ከበሮውን ሳያንቀሳቅስ በመካከል ያለውን መቅዘፊያ ብቻ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ማመላለስ አለበት፤ በመጭመቂያው ጊዜ ደግሞ መቅዘፊያውንና ከበሮውን ባንድነት ይዞ፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ፣ በታላቅ ፍጥነት ማሽከርከር አለበት። የፍጥነቱን ታላቅነት በቁጥር ለመግለጥ ያህል፣ የአፉ ስፋት 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ከበሮ በደቂቃ 600 ጊዜ ሲዞር፣ በግድግዳው ላይ የተለጠፈው እርጥብ ልብስ የክብደቱን 100 እጥፍ በሚያህል ኃይል ይጫናል፤ 1000 ጊዜ ሲዞር ደግሞ ወደ 280 እጥፍ ይደርሳል። እንዲህ ያለው ኃይል በማጠቢያው ሰዓት ቢለቀቅ ልብሱ ከግድግዳው ተጣብቆ ይቀራል እንጂ አይታጠብም፤ የማጠቢያው ዝግታም በመጭመቂያው ሰዓት ቢመጣ ልብሱ ውሃ እንዳዘለ ይወጣል። እንግዲህ ሞተሩ ያው ሆኖ ሥራው ሁለት የሚሆነው በምንድን ነው?

መልሱ ፍሪሲዮን ነው። ከሞተሩ በላይ አንዱ ባንዱ ውስጥ ያለፉ ሁለት ዘንጎች አሉ፤ የውስጠኛው ከመቅዘፊያው፣ ውስጡ ባዶ የሆነው የውጭኛው ደግሞ ከከበሮው ጋር ተያይዟል። በብዙዎቹ ማሽኖች እነዚህን ሁለቱን የሚያስተሳስራቸው በመጋጠሚያቸው ላይ የተጠመጠመ ሞላ ሲሆን፣ የሞላውም ጠባይ የሚያስደንቅ ነው፤ ዘንጉ ሞላው በሚጠብቅበት አቅጣጫ ሲዞር ሸክሙ በከበደ መጠን ይዞታው እየበረታ ይሄዳል፣ በተቃራኒው አቅጣጫ ሲዞር ግን ያው ሞላ ወዲያውኑ ይላላል። በማጠቢያው ጊዜ አንዲት ትንሽ ብረት ሞላውን ከከበበው ባለ ጥርስ ቀለበት ገብታ እንዳይጠብቅ ትከለክለዋለች፣ ከበሮውንም በዙሪያው የተጠመጠመ ፍሬን ይይዘዋል። የመጭመቂያው ሰዓት ሲደርስ አንድ ሳቢ ዕቃ ገመዱን ይጎትታል፤ በዚያው በአንድ መጎተትም የቆሸሸው ውሃ መውጫው ይከፈታል፣ ፍሬኑ ይለቃል፣ ከልካይዋም ብረት ከጥርሱ ትወጣለች፤ ያን ጊዜ ሞላው ይጠብቃል፣ ሁለቱም ዘንጎች እንደ አንድ ሆነው ይዞራሉ።

ይህ ሥርዓት የሚበላሽበት መንገድ ከሚሠራበት መንገድ ይልቅ ያስተምራል። ፍሬኑ ሲያልቅ ከበሮው በማጠቢያው ጊዜ መቅዘፊያውን እየተከተለ ይዞራል፤ ከውጭ ለሚያየው ብዙ እንቅስቃሴ ያለ ይመስላል፣ ሁሉም አብሮ ስለሚዞር ግን የሚታሽ ነገር የለም። ሞላው ሲደክም ወይም ከልካይዋ ብረት ፈጽማ ሳትወጣ ስትቀር ደግሞ ሞተሩ እያጓራ ከበሮው ይቆማል። በሁለቱም ጊዜ ባለቤቱ የሚወቅሰው ሞተሩን ነው፤ ሞተሩ ግን በሁለቱም ጊዜ ጤነኛ ነው።

የሰውም ነገር በብዙው እንደዚሁ ነው ብዬ አምናለሁ። የቀደሙት ሊቃውንት በነፍስ ውስጥ የሚመኝ ኃይል፣ የሚቆጣ ኃይል፣ የሚያስተውልም ኃይል እንዳሉ ሲያስተምሩ፣ ከእነዚህ አንዱንም በተፈጥሮው ክፉ ነው አላሉም። ኢስጦኢኮች የተባሉት ፈላስፎች ግን ስሜት ሁሉ የአእምሮ ሕመም ነውና ከሥሩ ይነቀል አሉ፤ ይህም ከበሮው በማጠቢያው ጊዜ ስላስቸገረ ሞተሩ ይውጣ እንደ ማለት ነው። ለተበደለ ድሃ አደግ አደባባይ ላይ የሚከራከረው ቁጣና የቃየንን እጅ በወንድሙ ላይ ያነሣው ቁጣ በምንጫቸው አንድ ናቸው፤ በኦሪት ዘፍጥረትም እግዚአብሔር ቃየንን በደጁ በምታደባው ኃጢአት ላይ እንዲሠለጥን ያዘዘው እንጂ ኃይሉን ከውስጡ እንዲያጠፋ የጠየቀው አይደለም። አርስጣጣሊስም ቁጣን የለካው በመጠኑ ብቻ ሳይሆን፣ በማን ላይ፣ ስለ ምን፣ በምን ጊዜ፣ ለምንስ ያህል ጊዜ እያለ ነበር፤ ይህ ሁሉ የመያዝና የመልቀቅ ጉዳይ ነው።

ከዚህም ሌላ፣ ያው ፈላስፋ በጎውን እያወቀ ክፉውን ስለሚሠራ ሰው ብዙ ተጨንቆ መርምሯል፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት በ7ኛው ምዕራፍ የዚህኑ ሰው ጩኸት በራሱ አንደበት ጽፎታል። ዕውቀት ሳይጎድል፣ ብርታትም ሳይጎድል፣ ሥራው እንዴት ይጎድላል? ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ የማሽኑ ሰዓት በትክክል ያዛል፣ ሞተሩም በትክክል ይዞራል፣ በመካከላቸው ያለው ግን ይንሸራተታል። እንዲህ ያለውን ሰው በስብከት ብዛት ማቃናት፣ መላው ፍሪሲዮኑ ዘንድ ሳለ፣ ሰዓቱን ደጋግሞ እንደ መሙላት ነው። ጾምና ሥርዓተ ጸሎት በሃይማኖት ዘንድ ይህን ያህል ስፍራ የተሰጣቸው ዕውቀት ስለሚጨምሩ አይመስለኝም፤ መያዝና መልቀቅ በየቀኑ የሚለመድባቸው ናቸውና።

አሁን ወደ ማሻሻሉ ነገር ልግባ። ቤንዲክስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ ለቤት የሚሆን አውቶማቲክ ማሽን ሲያወጣ፣ አፉ በፊት በኩል ስለ ነበረና አንዱ ከበሮ ሁለቱንም ሥራ ስለሚሠራ፣ መቅዘፊያን ከከበሮ የመለየት ችግር አልገጠመውም፤ ነገር ግን በመጭመቂያው ጊዜ እንዳይዘል ከወለል ጋር በቡሎን መታሰር ነበረበት። ጄኔራል ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ1947 ከላይ የሚከፈት ማሽን ሲያወጣ ግን የፍሪሲዮን ጥበብ ተፈላጊ ሆነ። የዚህ ኩባንያ ማሽኖች ሞተሩ ፍጥነት ሲያገኝ ወደ ውጭ እየተወረወሩ የሚይዙ ጫማዎች ነበሯቸው፤ ሜይታግ ደግሞ ሞተሩን በሞላ በተያዘ ተንሸራታች መቀመጫ ላይ አኑሮ ቺንጋው ራሱ እንዲንሸራተት አደረገ። ሁሉም የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ ውሃ የጠጣ ከባድ ልብስ የተሸከመው ከበሮ ካለበት ተነሥቶ ሩጫ እስኪይዝ ድረስ ሞተሩ እንዳይታነቅ፣ ጥርሱም እንዳይሰበር፣ በመካከል የሚታገሥ ነገር ማግኘት።

የዚህ ትዕግሥት ዋጋ ግን የተወሰነ ነው። ሞተሩ በማይለዋወጥ ፍጥነት እየዞረ ቆሞ የነበረውን ከበሮ በሚንሸራተት ፍሪሲዮን ሲያነሣ፣ ከበሮው ከሞተሩ ጋር እኩል በሆነባት ቅጽበት በከበሮው ውስጥ የተከማቸውን ያህል ኃይል በመንሸራተቱ ሙቀት ሆኖ ጠፍቷል። ሞተሩ ሁለት ሰጠ፣ ከበሮው አንድ ተቀበለ፤ ሁለተኛው ፍሪሲዮኑን አቃጠለ። ፍሪሲዮኑን ለስላሳ ቢያደርጉት ጊዜው ይረዝማል፣ ጠንካራ ቢያደርጉት ጊዜው ያጥራል፣ የሚጠፋው ግን አይቀነስም። መሐንዲሱ የጫማውን ቆዳ ቢለውጥ፣ ሞላውን ቢያሻሽል፣ ዕድሜውን ያረዝማል እንጂ ይህን ሕግ አይሽረውም።

የሚሽረው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ እርሱም ፍሪሲዮኑን ትቶ ሞተሩን ማረም ነው። ሞተሩ በመጀመሪያ እስከ ፍጥነቱ እኩሌታ ብቻ ወርዶ ከበሮውን ቢያነሣ፣ ከዚያም ሁለቱ ተያይዘው በሁለተኛ እርከን ወደ ላይ ቢወጡ፣ ኪሳራው በእኩሌታ ይቀንሳል፤ እርከኖቹ በበዙ ቁጥር ኪሳራው እያነሰ ይሄዳል፣ ሞተሩ ከከበሮው ጋር ከዕረፍት ጀምሮ አብሮ ቢነሣ ደግሞ ከምንም የሚቆጠር አይሆንም። በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዙት የዘመኑ ሞተሮች የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው።

ይህን ሳነብ፣ ልቤ ከማሽኑ ርቆ ሄደ። ከፍ ባለ ስፍራ ጸንቶ የተቀመጠ፣ ታች ያለውንም ወደ እኔ ይውጣ ብሎ የሚስብ ሁሉ፣ መምህርም ይሁን ዳኛ ወይም አባት፣ ምንም ያህል ታጋሽ ቢሆን ከሚሰጠው እኩሌታው በመካከል ይነዳል። ፍሬምናጦስን ለኢትዮጵያ ጳጳስ አድርጎ የሾመው ቅዱስ አትናቴዎስ ስለ ሥጋዌ በጻፈው መጽሐፍ ከሚያስተምራቸው ነገሮች ዋነኛው፣ ቃል ሰው የሆነው ሰውን ወደ ራሱ ከፍ ሊያደርግ መሆኑ ነው፤ ይኸውም ከላይ ሆኖ መጎተት ሳይሆን፣ የወደቀው ካለበት ወርዶ፣ ከዚያው ከታች አብሮ መነሣት ማለት ነው። በፊዚክስ ሕግ ምሥጢረ ሥጋዌ ይረጋገጣል ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ማረጋገጫ ለሃይማኖትም ለፊዚክስም ውርደት ነው። ለምን ወረደ፣ ከዙፋኑ ሆኖ ማዳን ተስኖት ነውን ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ግን፣ መውረድ የድካም ምልክት ነው የሚለው አሳቡ በዚህ በተናቀው ብረት ዘንድ እንኳ ሐሰት እንደ ሆነ አሳየዋለሁ።

ከማሻሻሎቹ ሁሉ እጅግ የወደድሁት በኒው ዚላንድ የተሠራው ነው። ፊሸር ኤንድ ፓይክል የተባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ማሽን ቺንጋም ካምቢዮም የለም፤ ሞተሩ በቀጥታ ከከበሮው ሥር ተቀምጧል። ፍሪሲዮኑንም የሚያዘው ሳቢ ገመድ የለም። ከበሮው ከበታቹ አየር የሚያዝበት ክፍል ስላለው፣ ውሃ ሲሞላ ይንሳፈፋል፣ ከሞተሩም ጥርስ ተላቆ ይቆማል፤ ውሃው ሲወጣ ይወርዳል፣ ጥርሱም ከጥርሱ ይገጥማል። ውሃ አለ ማለት መታጠብ ነው፣ ውሃ የለም ማለት መጨመቅ ነው፤ ሁኔታው ራሱ ትእዛዝ ሆነ። የኦሪትና የሕገ ልቡናን ልዩነት ለደቀ መዝሙር ማስረዳት ቢኖርብኝ፣ ያኛውን በገመድ የሚሳበውን ማሽን እንደ ኦሪት፣ ይህን ደግሞ ትእዛዝ ሳይጠብቅ የሚገባውን እንደሚያደርገው እንደ ሕገ ልቡና አድርጌ አሳየው ነበር።

ነገር ግን ምሳሌው እዚህ ላይ ይቆማል፣ መቆሙም መልካም ነው። መጽሐፈ ሄኖክ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎቹ ብርሃናት ከመንገዳቸው እንደማይወጡ፣ ዛፎችና ባሕሮችም የታዘዙትን እንደሚጠብቁ አሳይቶ፣ ሥርዓቱን ያፈረሰውን ሰው ይወቅሳል። ብርሃናትን ያመሰገነ ቢመስልም፣ ወቀሳው ሊደርስ የሚችለው ለሰው ብቻ መሆኑ ራሱ ክብር ነው። የሚንሳፈፈው ከበሮ አይሳሳትም፤ ስለማይሳሳትም ጽድቅ የለውም። መጽሐፈ ሲራክም በ15ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር ሰውን በገዛ ምክሩ እጅ እንደ ተወው፣ ምርጫውንም በፊቱ እንዳኖረለት ያስተምራል። ከሰው ጋር ከታች የተነሣው አምላክ ሰውን ከራሱ ጋር በብየዳ አላጣበቀውም፤ መያዣውና መልቀቂያው በሰው እጅ ቀርቷል፣ የሚፈረድበትም በዚያ ነው። ሰውን ከመሳሳት ሊያድኑ ሲሉ መምረጫውን ሊያወልቁለት የሚሹ የመንግሥትና የትምህርት ጠቢባን፣ አሳባቸው ለማጠቢያ ማሽን ቢሆን ምስጋና በተገባው ነበር።

አንድ ነገር ለሠሪዎቹ ልናገርና ልጨርስ። በሞላና በገመድ በሚሠራው በአሮጌው ማሽን ፍሬኑ በዕረፍት ጊዜ የሚይዝ ነው፤ ይለቅ ዘንድ መሳብ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከበሮው በሙሉ ሩጫው ሳለ መብራት ቢጠፋ፣ ሳቢው ኃይሉን ያጣል፣ ሞላው ፍሬኑን ይመልሰዋል፣ ከበሮውም ይቆማል፤ ክፋት የሌለበት ሕፃን እጁን ቢሰድም ጉዳት አያገኘውም። ፍጥነቱን በኤሌክትሪክ ብቻ የሚገታ ማሽን ግን ሌላ መላ ካልተበጀለት፣ መብራት በጠፋባት በዚያች ሰዓት መግቻውንም ያጣል፤ ከበሮው በራሱ ግፊት እስኪደክም ድረስ ይዞራል። እናንተ የማሽን ሠሪዎች ሆይ፣ ቺንጋውንም ካምቢዮውንም እንደ ወደዳችሁ አስቀሩ፣ ፍሪሲዮኑንም አሻሽሉ፤ መብራት ሲጠፋ በገዛ ሞላው የሚይዘውን ያን ፍሬን ግን ለጥቂት ሳንቲም ብላችሁ አታንሡት፤ ብታነሡትም ክዳኑ ከበሮው እስኪቆም ድረስ የማይከፈት ይሁን።