ኒያ የሌለው መንዙማ



እዚህ አቦምሳ ወጣቶቻችን በስልካቸው የሚያዳምጡት መንዙማ ዛሬ ያለ ሙንሺድ ሊሠራ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ እንደሆነው ሱኖ ያሉ መሣሪያዎች ጥቂት መስመር ሲጻፍላቸው በደቂቃዎች ውስጥ ዜማም ድምፅም ያወጣሉ።

የወሎው ሸኽ ጦልሃ ጃዕፈር ግን የአማርኛ መንዙማቸውን በዐጀም የጻፉት እ.ኤ.አ. ከ1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባዔ በኋላ በሙስሊሙ ላይ የወረደውን መከራ ኖረውበት ነው። ማሽኑ ቃል ይደረድራል፤ ቤት አመታቱንም ያስረዳናል፤ ኒያ ግን የለውም። ሥራ የሚለካው በኒያ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል።

እኔ መሣሪያውን ሐራም ለማለት አልቸኩልም፤ ፈትዋው የዑለማዎች ነው። የሞተን ሙንሺድ ድምፅ ወስዶ ያላለውን ማስባል ግን ውሸት ነው። ወንድሞችና እህቶች! በማሽን የሠራችሁትን «በማሽን የተሠራ» በሉት፤ አማና ነውና። አላህ ከማታለል ይጠብቀን። አሚን።