ፈውስን በዕጣ መመርመር

በጠበል ወይም በፍል ውሃ ተፈወስን የሚሉ ሰዎች ሁኔታ በቁጥር ሲመረመር፣ የሚመረመረው እምነቱ ነው ወይስ ሰው ከእምነቱ ተነሥቶ የሚደርስበት ድምዳሜ የሚለው ጥያቄ ስነ ልቦናን በሚማር አማኝ ልቡና ውስጥ መነሣቱ አይቀርም። ለፎገራ ወረዳ ሰው ጥያቄው የሩቅ አይደለም፤ በአጎራባቹ ደራ ወረዳ በጉማራ ወንዝ አጠገብ ወደሚገኘው የዋንዛዬ ፍል ውሃ ሕመምተኞች ፈውስ ፍለጋ ይጓዛሉ፣ በየደብሩ ጠበልም የሚጠመቅ አይጠፋም።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት ናት፤ ይኸውም የምታስብ፣ የምትናገርና ሕይወት ያላት ማለት ነው። ዊልሄልም ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 በላይፕዚግ ቤተ ሙከራ ካቋቋመ ወዲህ ራሱን የቻለ ሳይንስ ሆኖ ያደገው ስነ ልቦና ግን ስለ ነፍስ ባሕርይ የሚሰጠው ፍርድ የለም፤ የሚይዘው በውጭ የሚታየውንና ሰው ስለ ራሱ የሚናገረውን፣ እንደ እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ለቅሶና ድንጋጤ ያለውን ምልክት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ በአማርኛም ተተርጉሞ በቡታጅራ በተካሄዱ ጥናቶች ያገለገለው ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ እነዚህን ምልክቶች አንድ በአንድ ጠይቆ «አዎ» የተባሉትን ይደምራል። መጠይቁ እለካዋለሁ ያለውን ነገር በእርግጥ መለካቱ ተገቢነት፣ ተደጋግሞ ሲቀርብም ተቀራራቢ ውጤት መስጠቱ አስተማማኝነት ይባላል፤ ጭንቀቱን በራስ ምታትና በሆድ ሕመም በሚገልጽ ሕዝብ መካከል ቃላቱን መተርጎም ብቻ ተገቢነትን አያስገኝም።

ሰው ወደ ፈውስ ቦታ የሚሄደው ባብዛኛው ሕመሙ በጠናበት ሰሞን ነው። ጭንቀትና ድባቴ ደግሞ የሚብሱበትና የሚቀሉበት ጊዜ ስላላቸው፣ በባሰባቸው ቀን ከተለኩት ሰዎች ብዙዎቹ ከሳምንታት በኋላ እንደገና ቢለኩ፣ ምንም ባይደረግላቸው እንኳ፣ ውጤታቸው ወደ ወትሮው መጠን ይጠጋል። ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1886 በወላጆችና በልጆች ቁመት ያሳየው ይህ ጠባይ ወደ አማካይ መመለስ ይባላል፤ አማካይ ማለት የውጤቶቹ ድምር ለተለኪዎቹ ብዛት ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር ነው። በዚህ የሚሳሳተው ተጠማቂው ብቻ አይደለም፤ ኪኒን ያዘዘ ሐኪምም፣ ምክር የሰጠ የስነ ልቦና ባለሙያም መሻሻሉን የራሱ ሥራ ውጤት አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። በዚያም ላይ የተሻለው ሰው ይመሰክራል፣ ያልተሻለው ግን ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ስለሚሄድ ድምፁ ከቆጠራው ይጎድላል።

ከዚህ ስሕተት መውጫ የሆነው ስልት ያደገው በእርሻ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1919 ጀምሮ በእንግሊዝ ሮታምስተድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ የሠራው ሮናልድ ፊሸር ማሳዎችን በዕጣ የመመደብን ሥርዓት በ1935 ባሳተመው መጽሐፍ አብራርቷል፤ በፎገራም የብሔራዊ ሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል በመኖሩ ነገሩ ለአካባቢው እንግዳ አይሆንም። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው ሜዳውን ውሃና ደለል ሲያለብሱት አንዱ መሬት ከሌላው ይለያያል፤ አዲስ የሩዝ ዝርያ ረባዳው ላይ፣ የተለመደው ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ ደግሞ ከፍ ባለው ላይ ቢዘሩ፣ የመሬቱ ብልጫ የዘሩ ብልጫ መስሎ ይታያል። ዕጣ ይህን አድልዎ ይበትነዋል፤ ከዚያ በኋላ በሁለቱ ወገኖች አማካይ መካከል የታየው ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ ሊከሰት የሚችልበት ዕድል ይሰላል። በሐዋርያት ሥራ ማትያስ በዕጣ ሲመረጥ ዕጣው የእግዚአብሔርን ምርጫ እንዲገልጥ አስቀድሞ ተጸልዮበታል፤ የምርምር ዕጣ ደግሞ የተመራማሪውን ምርጫ ከምደባው ያርቃል። ዓላማቸው ቢለያይም ሁለቱም የሰውን አድልዎ ያውቃሉ።

ሕመምተኞችንም እንደ ማሳ በዕጣ በሁለት ወገን መድቦ ማነጻጸር ይቻላል። ይሁንና ማሳ ተስፋ አያደርግም፣ ሰው ግን ያደርጋል። የሚጠመቀው ሰው ጾሙ፣ ጸሎቱና ተስፋው ራሳቸው እንቅልፉንና ጭንቀቱን ሊለውጡት ይችላሉ፤ ተመራማሪው ይህን ተስፋ ከውሃው ውጤት ለይቶ ማውጣት ይፈልጋል፣ ለአማኙ ግን እምነት የሌለበት ጥምቀት ድሮውንም ጥምቀት አይደለም። ስለዚህ ተስፋን ነጥሎ የሚጥል ሙከራ አማኙ የሚናገርለትን ነገር ሳይለካው ይቀራል። አማካይም የሚናገረው ስለ ብዙዎች ነው፤ አንዲት ሴት በአንድ ቀን ስለ ተቀበለችው ነገር የመፍረድ ሥልጣን የለውም። በአንጻሩ የእርሷ ምስክርነት፣ የቱንም ያህል እውነት ቢሆን፣ ሌሎች መቶ ሰዎች ምን እንደሚገጥማቸው አያሳይም። ቁጥር ተአምርን መካድ አይችልም፤ «ስለዚህ ሁሉም መድኃኒቱን ይተው» የሚለውን ድምዳሜ ግን መመርመር ይችላል፣ ይገባዋልም፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በድንገት ሲያቋርጥ የሚደርስበት ጉዳት ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላልና።

በዚህ ነጥብ ላይ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ተናግራለች፤ በወቅቱ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ አስታውቀዋል።