የአዳሪ ትምህርት ቤት ስፍራ፤ ገጠር ወይስ ከተማ?

ወላጅ ልጁን አዳሪ ትምህርት ቤት ሲያስገባ የማሳደግን ሥራ ከፊሉን ለሌላ ሰው በአደራ ይሰጣል። ስለዚህ «ልጄ የሚያድርበት ትምህርት ቤት በገጠር ይሁን ወይስ በከተማ?» የሚለው ጥያቄ ስለ አደራ የሚነሣ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው በአርሲ ደጋ፣ በበቆጂና በአካባቢዋ ለሚኖር ወላጅ ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት የብዙ ቤተ ሰብ ምኞት ሆኗል። በአዳማ ከተማ የሚገኘው የኦሮሚያ ልማት ማኅበር አዳሪ ትምህርት ቤት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። የበቆጂ ገበሬ ልጁን ከገብስ ማሳው አንሥቶ በአሰላ በኩል ወደ አዳማ ሲሸኝ፣ መጻሕፍትና ቤተ ሙከራ እንደሚያገኝ ተስፋ ያደርጋል፤ ነገር ግን ልጁ ሲመለስ የአባቱን ሞፈር ይንቅ ይሆን ብሎ ይሠጋል። የከተማው ወላጅ በበኩሉ ልጁን ከክፉ ባልንጀራ ለማራቅ ገጠርን ይመኛል።

ገጠርን የሚያመሰግኑ ሰዎች የጥንቱን ትምህርት በምስክርነት ይጠራሉ። በእርግጥም በቅኔ የታወቁት ጎንጅና ዋሸራ፣ በድጓ የታወቀችው ቤተ ልሔም ከከተማ የራቁ ናቸው። ደረሶችም ኪታብ ለመቅራት እስከ ወሎ ዳና ይጓዙ ነበር። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልብ እንበል። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ከየደጁ ቁራሽ ይለምን ነበር፤ አዝመራው በከፋበት ዓመት እርሱም ከመንደሩ ጋር ይራብ ነበር። እንጀራው ከማን እጅ እንደሚመጣ ማወቁ ትሕትናን አስተማረው። ዛሬ ግን በግንብ የታጠረ፣ ቀለቡ በመኪና የሚመጣለት፣ ተማሪውም ጎረቤቱን የማያውቅበት ትምህርት ቤት በገጠር ቢሠራ፣ ገጠርነቱ በአድራሻው ላይ ብቻ ይቀራል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ማለት ይህ ነው።

በቆጂ ራስዋ ሌላ ትምህርት ትሰጠናለች። ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው ይህች ትንሽ ከተማ ከነአካባቢዋ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን አፍርታለች። የአንደኛ ደረጃ መምህሩ አቶ ስንታየሁ እሸቱ በዚያ ብዙ ልጆችን ለሩጫ ኰትኵተዋል፤ ልጆቹም ከልምምድ በኋላ ወደ ወላጆቻቸው ቤት ይመለሱ ነበር። ሆኖም ጥሩነሽን የመሰሉት ኋላ አዲስ አበባ ገብተው ክለብና አሠልጣኝ ባያገኙ ኖሮ፣ ስጦታቸው ከመንደር ባላለፈ ነበር። ስለዚህ ከተማን በጅምላ መንቀፍ ውለታን መዘንጋት ይሆናል።

ከዚህ ተነሥተን፣ ለጋ ልጅ ሥሩ እስኪጸና በቤቱ አቅራቢያ ይማር፤ ሲጐለምስ ግን ዕውቀት ወዳለበት ይሂድ እንላለን። «ድኻው ምን ምርጫ አለው? ልጁ ፈተና አልፎ የተመደበበትን ከመቀበል በቀር» የሚለን ቢኖር፣ እውነቱን ነው። እንግዲያውስ ዕዳው ትምህርት ቤቶችን በምናስተዳድርና በምናስተምር በእኛ ላይ ይወድቃል። ተማሪው በዕረፍቱ ወደ ቤቱ የሚመለስበትን መንገድ ማመቻቸት፣ በአካባቢው ሥራ እጁን እንዲያስገባ ማድረግ፣ ወላጁንም በሚገባው ቋንቋ ማነጋገር ትልቅ በጀት አይጠይቅም።

አዳሪ ትምህርት ቤት ሲመረጥ አንድ መመዘኛ ይበቃናል። የገበሬው አባት ጋቢውን ደርቦ፣ ጭቃ በነካው ጫማው ከበሩ ሲደርስ ዘበኛው በአክብሮት ያስገባዋልን? ልጁስ በጓደኞቹ ፊት ሮጦ «አባቴ ነው» ይላልን? ይህ የሚሆንበት ትምህርት ቤት፣ በበቆጂም ይሁን በአዲስ አበባ፣ አደራውን ጠብቋል።