ካላንደሬ ላይ ያለው «ስኬት»

የሥራ ካላንደሬ ላይ ማክሰኞና ሐሙስ ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 1፡30 «ስኬት» የሚል ተጽፏል። ካላንደሩን የሚያዩ ባልደረቦቼ የሆነ የማነቃቂያ ሥልጠና መስሏቸው ነበር። ስኬትቦርድ ነው ስላቸው ሳቁ። (ፊደላችን ሁለቱን ካልለየ እኔ ምን ላድርግ?)

ጠዋት የሆነው ወድጄ አይደለም። ከሥራ የምወጣው 11፡30 ነው፤ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሰፈር ስደርስ ጨልሟል። ክረምት ሲሆን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አለ፣ የረጠበ ቤሪንግ ይዝጋል። በ2016 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የአዲስ አበባ ስኬት ፓርክ የሚደረሰው ቅዳሜ ነው፣ እሱም ሰርግና ልቅሶ ከሌለ። ስለዚህ በሥራ ቀን ሰፈራችን ያለ ባዶ ፓርኪንግ ላይ አንድ ሰዓት፣ ከዛ ሻወር፣ ከዛ 3 ሰዓት ላይ ሚቲንግ።

የፓርኪንጉ ጥበቃ አንድ ቀን «ልጄ፣ አንተ እኮ ትልቅ ሰው ነህ። ይሄ ምን ይጠቅምሃል?» አሉኝ። ትልቅነቱን ተዉት፤ በ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ የስኬትቦርድ ፓርክ ውድድር በሴቶች የ11 ዓመቷ ቻይናዊት ዠንግ ሃውሃው፣ በወንዶች የ51 ዓመቱ አንዲ ማክዶናልድ ተወዳድረዋል። ከባዱ «ምን ይጠቅምሃል» የሚለው ነው።

ዝግጁ መልስ አለ። «አእምሮዬን ያድስልኛል፣ ከዛ የተሻለ ኮድ እጽፋለሁ።» ይሄን መልስ ሁሉም ሰው ይወደዋል። አርስቶትልም በሥነ ምግባር መጽሐፉ 10ኛ ክፍል ጨዋታን እንደ እረፍት፣ እረፍትን ደግሞ ለሥራ እንደሚደረግ ነገር ያየዋል። ለእኔ ግን አይጥመኝም። እንዲህ ካልኩ ያቺን ሰዓትም ለአለቃዬ ሰጠኋት ማለት ነው። ነገ «አንድ ሰዓት መተኛት የበለጠ ኮድ ያስጽፋል» ቢባል ቦርዱን መሸጥ ሊኖርብኝ ነው።

የሚጥመኝ ፈላስፋው በርናርድ ሱትስ በ1978 ባሳተመው «ዘ ግራስሆፐር» ያነሳው ሐሳብ ነው፦ መጫወት ማለት የማያስፈልግ መሰናክልን ወዶ መቀበል ነው። የእኔ ሥራ መሰናክል ማንሳት ነው፤ ሰው አሥር ጊዜ ይጫነው የነበረውን አንድ ጊዜ እንዲጫን አደርጋለሁ። ኦሊን ግን፣ ማለትም ቦርዱን በእጅ ሳይነኩ ይዞ መዝለልን፣ አውቶሜት አድርጉልኝ የሚል ሰው አላየሁም። ኪክፍሊፕ 60 ጊዜ ሞክሬ 60ውንም ስቼ ወደ ቤት የሄድኩበት ጠዋት አለ። ያ ሰዓት ባክኗል ብትሉኝ አልስማማም።

ችግሩ ሱትስ ጨዋታን ወደ መጨረሻው ጫፍ ሲወስደው የሚያስበው ሥራ የማያስፈልግበት ዓለም ነው። ታናሽ እህቴ እዛ አትኖርም። የኮሌጅ ክፍያዋን የምሸፍነው እኔ ነኝ፣ ማታ ማታ በምሠራው ፍሪላንስ። በሳምንት ሁለት ሰዓት ማለት በወር ስምንት ሰዓት ነው፣ እሱም ዋጋ አለው። እጄን ወለም ቢለኝ ደግሞ ለሁለት ሳምንት ኪቦርድ አልነካም፤ ያኔ የሚጎዳው የእኔ እጅ ብቻ አይደለም። ለነገሩ የጥበቃው ጥያቄ ትክክለኛ መልኩ ይሄ ነው፦ ሰዓቱ የማን ነው?

እናቴ ቡና ስታፈላ ከአቦል እስከ በረካ ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል። ከፔርሙዝ በሦስት ደቂቃ ይጠጣ ነበር እኮ። ግን ማንም «ምን ይጠቅማል» አይላትም። ይሄን ለመከራከሪያ ላቀርበው አሰብኩና ተውኩት፤ የእሷ ቡና ጎረቤት ይጠራል፣ የእኔ ፓርኪንግ ማንንም አይጠራም።

ስለዚህ ሒሳቡን ለራሷ ለእህቴ አሳየኋት። ሰዓቱ ያንቺም ስለሆነ የሚመስልሽን ተናገሪ አልኳት። የወሩ ክፍያ ሳይከፈል ቦርድ እንደማልነካ፣ ደረጃ እንደማልዘል፣ የእጅ መከላከያ እንደማደርግ ነገርኳት። አሰበችና «ማክሰኞ ይበቃሃል፣ ሐሙስን ተወው» አለችኝ። እኔ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን ካልሆነ እግር ይረሳል ባይ ነኝ። እስካሁን አልተስማማንም።