ሠሪና አሠሪ

በእንጦጦ ያለውን የዐፄ ምኒልክን ቤት ማን ሠራው ቢሉን፣ አብዛኞቻችን ሳናስብ «ምኒልክ ናቸዋ!» እንላለን። ጠንቃቃ ሰው ካለ «አሠሩት እንጂ አልሠሩትም» ብሎ ያርመናል። እውነቱን ነው። በዚህ ነገር ቋንቋችን ከኛ ይልቅ ሐቀኛ ነው፤ አንዲት «አ» ከፊት ስትቀመጥ ሌላ እጅ፣ ሌላ ላብ እንደነበረ ትመሰክራለች። ምስክርነቷ ግን ጎደሎ ነው። ሰው እንደነበረ ትናገራለች እንጂ ማን እንደነበረ አትነግረንም። «ያሠሩት» ስንልማ እሷም ራሷ በ«ያ» ውስጥ ተውጣ ትቀራለች።

ታዲያ ስማቸውን ለማናውቃቸው ሠሪዎች ዕዳ አለብን ወይ? ካለብንስ በምን ይከፈላል?

ምኒልክ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ የመጡት በ1870ዎቹ ነው። በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት ቤቱ አጠገብ ባለችው በእንጦጦ ማርያም ነው። ይህን ሁላችንም ለፈተና አጥንተነዋል። ቤቱ ግን እንጨትና ጭቃ ነው። እንጨቱን የቆረጠ፣ ያን ዳገት በትከሻው ተሸክሞ የወጣ ሰው አለ። ጭቃውን ከጭድ ጋር በባዶ እግሩ የረገጠ፣ ማገሩን ያሰረ፣ ግድግዳውን በመዳፉ የመረገ አለ። ለሠራተኛው ቆሎ የቆላችና ጠላ የጠመቀችም አለች፤ እሷንማ «ሠሪ» ብሎ የሚቆጥራት የለም።

በዚያ ዘመን ለምኒልክ ከሠሩት ባለሙያዎች ስሙ ጎልቶ የቀረልን የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነው። በ1871 ዓ.ም. መጥቶ ብዙ ዓመት አገልግሏል፤ ሙያውን አንክድም። ነገር ግን ኢልግ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፣ ፎቶግራፍም ያነሣ ነበር። ጭቃ ረጋጩ አልጻፈም። እንግዲህ ስም የሚቀረው በድካም ልክ ሳይሆን በወረቀት ልክ ነው ማለት ነው።

ነገሩ የወረቀት ብቻም አይደለም። የእጅ ሥራ የሚያስንቅ አገር ነበርን። ቀጥቃጩን «ቡዳ»፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያልን ኖረናል። ምኒልክ ራሳቸው በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ስድቡ የቱን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። በጎንደርም ግንበኝነት የቤተ እስራኤል ሙያ ነበር፤ ርስት የተነፈገ ሰው ለርስተኛ ግንብ ሠራ! በገዛ ሥራው ላይ ስሙን ልጻፍ ቢል ማን ይፈቅድለት ነበር?

ከመካከላችን አንዱ ይህን ሲሰማ «ማሰብና ማዘዝም እኮ ሥራ ነው፤ አሠሪ ባይኖር ሠሪው ምን ይሠራ ነበር?» አለ። እሺ፣ ይሁን። አሠሪውን ከታሪክ እንሰርዘው አላልንም። አሠሪውማ ዜና መዋዕል አለው፣ ሐውልት አለው፣ መንገድ በስሙ ተሰይሞለታል። ቤቱ ቢፈርስ የሚያጣው ጥቂት ነው። ግንበኛው ግን ከግድግዳው በቀር ሌላ ሰነድ የለውም። ግድግዳው ሲወድቅ እሱ ፈጽሞ እንዳልነበረ ይሆናል።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ የተቆጨነው ለዚህ ነው፤ አብዛኞቹ ከእንጦጦው ቤት በኋላ የተሠሩ ቢሆኑም። ያን ጊዜ «ጣሪያው ሲያፈስብን፣ ይህ ሁሉ ቤተሰብ በአንድ ሽንት ቤት ሲሰለፍ የት ነበራችሁ?» የሚል ነዋሪ ቢመጣብን ምን እንመልስለታለን? ዶርም ውስጥ ተኝቶ ስለ ቅርስ መቆርቆር ቀላል ነው። የሞተውን ግንበኛ ለማክበር በሕይወት ያለውን ተከራይ በዝናብ ማስመታት ፍትሕ አይደለም። ቤቱን ማደስ ግን ሁለቱንም ባከበረ ነበር፤ ጥያቄው የገንዘብና የፈቃደኝነት እንጂ የምርጫ አልነበረም ብለን እናምናለን።

ማደስም የራሱ ጣጣ አለው። የጭቃ ቤት በየጊዜው ካልተመረገ አይቆምም፤ አዲሱ ምርጊት ደግሞ የመጀመሪያውን እጅ ይሸፍነዋል። የመጀመሪያውን መራጊ አናገኘውም። የዛሬውን ግን መሰላሉ ሥር ቆመን ስሙን ልንጠይቀው እንችላለን።